ስንቅ ለማይታዩ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከዶሮ መኖ ወፍጮው ጀርባ፣
በቆርቆሮው በር ጎንበስ ብዬ ስገባ፣
ነጭ ካፖርቴን ሳልለብስ፣ እጄን ሳልታጠብ ገና፣
«አደራችሁ?» እላለሁ ወደ ፍሪጁ፣ «ደህና?»
አትመልሱልኝም። መልሳችሁ ከሁለት ቀን በኋላ ነው የሚመጣ፣
በሳህን ላይ፣ እንደ ጠል፣ ነጭ ነጠብጣብ ሲወጣ።

ሃያ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሃያ ሁለት ጊዜ ሞታችሁ፣
ዱቄት ሆናችሁ፣ ደርቃችሁ፣ በላስቲክ ታሽጋችሁ።
በሦስት ወሩ ስቆጥር ከቢሊዮን ጥቂት ሺህ፣ ያውም የዛለ፤
በመደርደሪያው ላይ የተረፈ ሌላ ምንም የለ።
«ይሄማ አቧራ ነው፣ እኅቴ» አለች ሲፈን።
በማግስቱ ቢራ ፋብሪካ ገባች፤ ደሞዝ አላት አሁን።

እኔም ቆይቶ ገባኝ፦ መንገደኛ ያለ ስንቅ
ልኬ ኖሯል ለካ፤ በዚያ ሁሉ አሲድ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ።
የሆድ መንገድ ቀላል ነው ወይ? ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባላል፤
ጨጓራን ያለፈስ ቢሆን፣ አንጀት ደርሶ ምን ይበላል?

የገብስ ፉርሽካ ሆነ ስንቁ፤ በአይሱዙ፣ ከሰንዳፋ፣
የሰው አንጀት የማይፈጨው፣ ለከብት የሚደፋ።
ወንፊት፣ ሙቅ ውሃ፣ ማጣሪያ፤ በሦስተኛው ቀን ሲገለጥ
አመድማ ዱቄት፣ በጣት መሀል የሚያዳልጥ።

ዘበኛችን ጋሽ ገመዳ ሽታውን ሰምቶ ገባ፤
«ይህ የዳለቻ ቁርስ ነው» አለ፤ ሆዱ ባባ።

ኮንዶሚኒየሙ ሳይበቅል፣ ይህ ወፍጮ የቆመበት
የሱ ማሳ ነበር፤ ዳለቻ የታሰረችበት።
ከሷ እርጎ ነው የወሰድኳችሁ፣ አምስት ዓመት ሆነው፣ በማንኪያ፤
ለመመረቂያ ጽሑፌ ነበር፣ ለናሙና መሙያ።
መሬቱ ተለካ። ካሳው አለቀ። ላሟም ሄደች ቄራ፤
እናንተ ቀራችሁ፣ በእርሳስ በተጻፈ ተራ፦
ዳ-7።
እሱ ዛሬ የገዛ ማሳውን በደሞዝ ይጠብቃል፤
ለሳንባው ስድስት ወር ኪኒን ውጦ፣ ሆዱ እስካሁን ይታወካል።

«ለኔስ?» አለኝ። «ለርስዎ ገና ነው። ፈቃድ አለ፣ ወረቀት፣
ሰው ከመቅመሱ በፊት ብዙ ሰው የሚፈርምበት።»
«የኔ ሆድ ማንበብ አይችልም» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤
ሰውን የራሱን ነገር መከልከል እንዲህ እንደሚከብድ አላወቅሁም።

ሐሙስ ሌሊት መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለው፣
እኔ ቃሊቲ ተኝቻለሁ፤ ሃያ ሦስተኛውን ሙከራ ማን አለው?
ጎህ ሲቀድ እየሮጥኩ ደረስኩ፤ ጭጋግ ውጦታል ግቢውን፤
ጋሽ ገመዳ በሸሚዝ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ጋቢውን
የበረዶ ሳጥኑ ለብሶታል፤ አጥፎ፣ ደርቦ፣ በገመድ አስሮ።
«ወተት እንዲህ ነበር» አለኝ፣ «ከተማ የምናደርሰው ዱሮ።»
ከፍሪጁ አውጥቶ አንድ በአንድ ደርድሯችኋል፣
እኔ ሳደርግ ያየውን፤ ማን አስተምሮት? አይቶ ይዟል።
ክዳኑን ከፈትኩ፤ ቴርሞሜትሩ አራት ይላል።
አራት!
«ዳለቻ ደህና ናት?» ሲል ጥርሱ ከጥርሱ ይጋጫል።

ቅዳሜ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አነሳሁለት። ቆጠረ በጣቱ፣
አርባ ላይ ሲደርስ ተወው፤
«ይህን ያህል ከብት የለውም» አለ፣ «ሀብታም እንኳ በቤቱ።»

ፈቃዱ አልመጣም። ከረጢቱ ላይ ስም አልሰፈረም፤
እሱም «ለኔስ?» ብሎ ሁለተኛ አልተናገረም።
ብቻ ማታ፣ ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ፣ በሩን ሊዘጋ ሲል፣
ወደ ፍሪጁ ጎንበስ ብሎ፣ ጥጃ እንደሚያባብል፣
በኦሮምኛ፣ በለሆሳስ፣ አንድ ነገር ይላችኋል።
ጆሮዬን አልጥልም። እሱን ሆድ ያውቀዋል።