ግማሽ ሚሊሜትር

ሸርብሩክ በየካቲት፣ የማጎግ ወንዝ ጀርባው ደድሮ፣
ሬዣን ከማሽኑ ፊት አንገቱን ሰብሮ፣
ተንግስተን ይበሳል።
ሦስተኛው መሰርሰሪያ ዛሬ ተሰበረ።
«ትንሽ ላስፋው ባክሽ፤ ሰናፍጭ የማያሾልክ በር ለማን ይጠቅማል?»
ለጋማ፣ አልኩት።
ጋማ መስታወት አይመልሰው፣ ሌንስ አያጎብጠው፣
ቢጠሩት ዞሮ አያይ፤
ጠባብ በር ላይ ካልጠበቅነው ሌላ መያዣ የለው።

ስናሰፋው ብርሃኑ ይጎርፋል፣ መልኩ ይፈስሳል፤
ስናጠበው መልኩ ይጠራል፣ ብርሃኑ ይመናመናል።
ሁለት ወር ሙሉ በዚህ መሐል አደርኩ፣
ወረቀት ሞልቼ ቀደድኩ።
ልጅ ሆኜ በእርሳስ ነበር የምሥለው፤
አሁንም በእርሳስ ነው፣ በከባዱ፣
ሲያነሡት ወገብ በሚያጎብጠው።

አይጢቱ ቁጥሯ አርባ አንድ፣ ክብደቷ ሃያ ሦስት ግራም።
ለሰው በተሠራው ካሜራ ስናያት አይጥ አልነበረችም፤
ጉም ውስጥ የተረሳች ፍም።

ማክሰኞ ማለዳ ቴክኔቲየሙ በእርሳስ ማሰሮው ደረሰ፣
በየስድስት ሰዓቱ እኩሌታው እየፈረሰ።
ኦዴት አስተኛቻት፣ ወጋቻት፣
ጭራዋን በፕላስተር ያዘችላት።
በዘጠኝ ቀዳዳ ዘጠኝ አይጥ ሆና ገባች፣
ሁሉም ተገልብጠው፣ እግራቸው ሰማይ ረግጦ፤
ኮምፒውተሩ ሲያቃናቸው፣ አንድ ሲያደርጋቸው ዋለ።

መጀመሪያ የበራው የሽንት ፊኛዋ ነበር።
እንደ ሙሉ ጨረቃ።
ሬዣን የታሸገ ጣቱን እያየ ሳቀ፤
«ለዚህ ነው የደማሁት? ለአይጥ ሽንት?»
ቀስ ብዬ ወደ አንገቷ ጠቆምኩት።
ከጤፍ ጥቂት የሚበልጡ ሁለት ቅንጣት፣
መሐላቸው ክር የምታህል ጨለማ።
ሳቁን ተወ።
ሁለቱን ሁለት ማለት፣ የሥራዬ ስም ይኸው ነው፤
ሌላው ደመወዝ ነው።

ከነቃች ቆይታለች። ከእርሳስ ግድግዳ ኋላ ሱፍ ትፈለፍላለች፤
መብራቷን አታውቀውም፣
ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ ከዚያም የዚያ ግማሽ፤
እያነሰ እንጂ አለቀ የማይባል።
ሬዣን ሰያፍ የተበሳውን፣ ለመጣል የተቀመጠውን ሰሌዳ አነሣ፣
ወደ ዐይኑ አስጠግቶ በመስኮቱ በረዶውን አየ።
«ምን ይታይሃል?»
አልመለሰልኝም፤ ሰሌዳውን ብቻ ትንሽ አዘነበለ።