የጆሮ ሥራ

ነዚፍ ቪዲዮ ቤት፣ ሂርማታ ገበያ፣
አንድ ብር ነበረ የፊልሙ መግቢያ፤
ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መጋረጃው ጆንያ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የጦርነት ፊልም፤
ሰርጓጅ መርከብ ነበር። ባሕር ያየ የለም
ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣
ከአንዱ በቀር፤ ከጋሽ ጉተማ፣
የውኃና ፍሳሽ ቧንቧ ጠጋኝ፣ ቱታው ሁሌም የጨቀየ፣
ምጽዋ ላይ፣ በባሕር ኃይል መርከብ ሆድ ውስጥ፣
ጆሮውን ለማዳመጫ ሰጥቶ ስምንት ዓመት የቆየ።

ካፒቴኑ ጮኸ።
ቀይ መብራት በራ፣ ቧንቧ ፈነዳ፣
ውኃው እንደ ኦሞ አረፋ ነጥቶ ወረደ ከግድግዳ፤
መርከበኞች ሮጡ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ወድቆ፣
እኛም አብረን ጮኽን፣ አግዳሚው ከሚስማሩ ተላቆ።

እሱ ሳቀ።
«ምነው ጋሽ ጉተማ?» አልኩት፤ ካሴት ቀያሪው ነኝና
የደንበኛ ሳቅ ያስፈራኛል፣ «ብሬን መልስ» ያመጣልና።

«ይጮኻሉ» አለኝ። «እዚያ ታች ማን ይጮኻል?
ማንኪያ ሳህን ቢነካ ከላይ ያለው ይሰማል።
ጫማህን ታወልቃለህ። ሳል ሲመጣ ፎጣ ትነክሳለህ።
የጓደኛህ ሆድ ከጮኸ በዓይንህ ትቆጣዋለህ።»

«ገብተህ ታውቃለህ?» አለው ተማም፣ አፉ የማያርፈው።
«አላውቅም» አለ። ቆየና፣ «እኔ የነበርኩት ከላይ ነው።»

ያን ሰዓት የጅማ ዝናብ ከጅሬን ኮረብታ ተንዶ
ቆርቆሮውን ደበደበው፣ የካፒቴኑን ድምፅ ወስዶ።
አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ቃል የለም፤
ፈንጂው ይፈነዳል፣ ግን ምንም አይሰማም።
ልጆቹ አጉረመረሙ። ነዚፍ ስፒከሩን በጥፊ መታ።
ጋሽ ጉተማ ብቻ ወደፊት ጠጋ፣
«አሁን ገና መሰለ» አለ። እጁ ጉልበቱ ላይ ረጋ።

ሰው ወጣ፣ እሱ ቀረ። ካሴቱን እያጠነጠንኩ
«ከሁሉ የባሰው ውሸቱ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ውኃው ምንም አይል። ቀዩ መብራትም ይሁን።
ግን የላዩንም የታቹንም ያሳይሃል፣ ፊት ለፊቱን፤
ላቡን፣ የሚስቱን ፎቶ፣ ጢሙን ሳይላጭ ማደሩን።
እኔ ያየሁት መርፌ ነው፣ ስትንቀጠቀጥ። የሰማሁት ደግሞ
አንድ ሌሊት፣ ዳህላክ አካባቢ፣
ከበታችን፣ ቀጭን፣ ብረት ብረትን ሲነካ።
ሦስት ጊዜ።
ለመኮንኑ ተናገርኩ። ‹ይጣል› አለ። ተጣለ።
ባሕሩ ጎበጠ፣ ተመልሶ ተደላደለ።
ጠዋት ዓሣ ተንሳፍፎ ነበር። ዓሣ ብቻ። ሌላ ምንም።
ጓዶቼ ሳቁ፣ ለቅመው ጠበሱት። እኔ አልበላሁም።
ዓሣ ማንኪያ የለውም።»

ነዚፍ ዛሬ ሞባይል ይሸጣል። ካሴቶቹን ምስጥ በላቸው።
ጋሽ ጉተማ ግን አለ።
አዌቱ ድልድይ አጠገብ አገኘሁት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ባጃጅ እንኳ በሌለበት፣
የብረት ዘንጉን አስፋልት ላይ ተክሎ፣ ጫፉን በጆሮው ደግፎ፣
የተሸነቆረ ቧንቧ ፍለጋ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ።

ባትሪ ያዝኩለት። ውሻ ጮኸ። እጁን አነሣ፤ ዝም።
«እዚህ ነው» አለ በመጨረሻ። በኖራ አሰመረ፣ ግን አልተነሣም።
ዘንጉን ሰጠኝ። ብረቱ የጆሮውን ሙቀት ይዞ ነበር።
ሰማሁ፦ ውኃ፣ በጨለማ፣ ከድንጋይ ጋር ሲነጋገር።

«ሌላስ?» አለኝ።
«ሌላ የለም» አልኩት።
«ደግመህ ስማ» አለኝ።