በቤቷ ውሃ

ትብሊሲ፣ ቹጉሬቲ፣ ከቁልቁለቱ ጫፍ፣
ታጣፊ ወንበሬን አኖርኩ ካንድ ደጃፍ።
ጥቅምት ነው፤ ወረቀቴ እንደ ነጣ ነው ገና፤
ከማዶ የእንጨት በረንዳ፣ በሦስት ባላ የተቃና፣
ከሥሩ የወይን ሐረግ፣ ከላዩ የልብስ ገመድ፣
ከኋላው ቢጫ ክሬን፣ ሰማይ ላይ የሚራመድ።

ሰማዩን አስቀደምኩ፤ ሰማይ ሰው አይጠብቅም፤
እርጥብ ቀለም እንደ ወሬ ነው፣ የት እንደሚያድር አይታወቅም።
ክሬኑን ልተወው ብዬ፣ ደግሞ አሰብኩና
በስሱ አስገባሁት፤ እሱም ጎረቤት ነውና።
መንገድ የተሻገረውን የጋዝ ቧንቧ፣ የተተበተበውን ሽቦ፣
ጎማው የተነፈሰ ላዳ፣ ጣሪያው ላይ ድመት ተሰብስቦ፣
ሁሉን።

አላፊው ይቆማል። አንዱ "ስንት ትሸጠዋለህ?" ይላል፤
አንዷ "ዛፉ ገርጥቷል" ብላ ሳትጠየቅ ታርማለች።
ጥቅል ፕላን በብብቱ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ አንድ ጎልማሳ መጥቶ
"ሽቦውን አውጣው" አለኝ፣ "ምን ያደርጋል ድህነት ታይቶ?"

ውሃዬ ደፈረሰ፣ ብርጭቆው ሙሉ ጭቃ፤
ልነሣ ነበር፤ ለዛሬ ይኼ በቃ።
ሲጥ አለ የበረንዳው በር። ናዚብሮላ ወረደች፣
ጣሳ ሙሉ ውሃ ካጠገቤ አስቀመጠች።
አንገቷን አስግጋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ሥዕሉን አየች፣ ቤቷን፣ ደግሞ ሥዕሉን አስከትላ።

"ስንጥቁስ?" አለችኝ።
"የቱ?"
"ከመስኮቱ በላይ፣ ከውጭ እስከ ውስጥ ያለፈው። መሬት የተንቀጠቀጠ ሌሊት
ባሌ ጣቱን ከትቶ 'ገና አልሞትንም' ያለበት።
ይኸን ሁሉ ዘመን እሱን እያየሁ ነው የተኛሁት።
እሱን ከተውክማ የሰው ቤት ነው የሣልከው፤
ደህና ግድግዳ ያለው ሰው ፈልግና ስጠው።"

ቀጭኗን ብሩሽ በሷ ውሃ ነክሬ፣
ስንጥቁን አወረድኩት ትንፋሼን ቋጥሬ።
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ለዚያ መስመር የሚበጀው ይኸው ነበር።
"አሁን ነው" አለች። ገባች። ሲጥ አለ በሩ።

በመጋቢት ሥዕሉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ስመጣ፣
አረንጓዴ መረብ ነው። ከመረቡ ጀርባ ባዶ።
ሦስቱ ባላዎች መሬት ላይ ተደራርበው፣
የሚደግፉት አጥተው።
ዳቦ ጋጋሪውን ጠየቅሁ። "ልጇ ጋ ናት፣ ግልዳኒ፣
ዘጠነኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ በሳንቲም ነው" ብሎኝ ሣቀ፤
ከምድጃው ግድግዳ አንድ ዳቦ አላቀቀ።
ኪሴን ዳበስኩ። ሳንቲም አለኝ።

ግን ተቀመጥኩ ደግሞ፣ በዚያው ቦታ።
የጎረቤቶቹን ግድግዳ ሣልኩ፣ ግራና ቀኙን፤
መሐሉን ሳልነካው ተውኩት።
በውሃ ቀለም ነጭ የሚባል የለም፣
ያልተነካ ወረቀት ነው ነጩ፤
እስከዛሬ ለብርሃን ነበር የምተወው።
የዛሬውን እንጃ።

ከፍርስራሹ መሐል የተቆረጠ ቧንቧ
ዘጋሁ ብሎ የሄደውን ሰው ሳይሰማ
ይንጠባጠባል።
ብርጭቆዬን ከሥሩ አኖርኩ።
ቀስ ብሎ ይሞላል።