ሲመሽ እንገባለን

«ሲመሽ እንገባለን» አልኳቸው ሳላስብ፣
የእራቱን ሳህኖች ከሣር ስሰበስብ።
እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ኖሬ፣
እንዴት ይጠፋኛል በጋችን ዛሬ?
በሰሜን ፊንላንድ፣ በሐምሌ መባቻ፣
ፀሐይ አትጠልቅም፣ ትዞራለች ብቻ።

ታቪ «በይ ምቺ!» አለኝ መዳፉን ዘርግቶ፣
የሰማዩን ነገር በሆዱ አስልቶ።
ጓንት የሚጥል ልጅ ነው፣ ካልሲ የሚያጣ፤
ቃል ከያዘ ግን ወዮ፣ ከእጁ አይወጣ።

ሂላ አራቷ ነው፤ ውል ምን እንደሁ አታውቅ፣
እሷ የምትሰማው የጥድ ፍሬ ሲወድቅ፤
ቅርፊታም፣ ሞላላ፣ ከአውራ ጣት የሚበልጥ።
አባቷ አነሣው። ሰንጢውን አውጥቶ፣
አራት ስንጥር እንጨት ለእግር አበጅቶ፣
ከሆዱ ሰካቸው።
ቆመች።
ላም ናት። ቀንድ የላት፣ ጭራ የላት፤
ሂላ ግን ጎንበስ ብላ አየቻት፣
«ይህቺማ» አለች «እርጉዝ ናት።»

ከዚያማ በኋላ ከብት ሞላው ደጁ፤
ታቪ አጥር አጠረ፣ ሙጫ ሆኖ እጁ።
ዛጎሉ ገንዳ ሆነ፣ ቅርፊቱ ጣሪያ፣
የእኔ የፀጉር መያዣ የበሩ መዝጊያ።
አንዷ እግሯ ቢሰበር ወጌሻ ተጠራ፤
ቬሊ ተንበርክኮ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣
በሣር ክር ጠገናት ቋጠሮ ቋጥሮ።
(ቤት ውስጥ ይህ ሰውዬ አምፖል አይቀይርም።)

ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አራት ሆነ፤ አምስት።
«መሸ እኮ» ብል እኔ፣ ታቪ ቀና አለና
«የታል?» አለ «ይኸው፣ ጥላዬ አለ ገና!»

ጥላ ካለማ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለ፦
የሰውን ጥላ መርገጥ፣
የተረገጠ ሰው እንደ ጉቶ መቀመጥ።
የዚህ ሰዓት ጥላ ጉድ ነው፣ ይረዝማል፤
ሂላ እዚህ ቆማ ጭንቅላቷ ሐይቅ ገብቷል።
«ፀጉሬ ረጠበ!» ትላለች።
እኔም ያዝኩት በእግሬ የቬሊን ትከሻ፣
ከጥድ ጥድ ሲዞር አጥቶ መሸሻ።
ትንኙም ተጫወተ፤ ያልያዘው ሰው የለም።

ጎረቤት ሄልቪ፣ የሰማንያ ዓመቷ፣
በሌሊት ቀሚሷ ብቅ አለች ከቤቷ።
ልትቆጣን ነው ብዬ ይቅርታ ሳዘጋጅ፣
ባልዲ ሙሉ ውኃ፣ ሁለት ሰፋፊ ብሩሽ
አስቀመጠች ሣሩ ላይ፤
«ጎጆዬ አርጅቷል፣ ቀለም ቀቡልኝ» ብላ
ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ሹራብ ደርባ።

ውኃ ነው ቀለሙ። ግራጫው ሳንቃ
ብሩሹ ሲነካው ይጠቁራል በቃ፤
ታቪ ከዳር እስከ ዳር ቀብቶ ሲመለስ
መነሻው ደርቆ ይጠብቀዋል።
እንደገና። ደግሞ እንደገና።
ማለቂያ የሌለው ሥራ፣ ደመወዝ የሌለው፣
ይህን ያህል ተወዶ አይቼ አላውቅም።

ሂላ ግን አንድ ቦታ ቆማ፣
ቁመቷ እስከደረሰበት፣
አንዱን ሳንቃ ብቻ አጠጣች፣ አጠጣች፣
እንደ ከሰል እስኪጠቁር።
ከዚያ ዓይኗን እያሸች
«ይኸው» አለች «እዚህ መሽቷል።»

ዝም አልን።
ታቪ ሳንቃውን አየ፣ ፀሐይዋን አየ፣
መዳፉን አየ፣ ያን የመታሁትን።
ውል ውል ነው።
ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጣለና
«ሩጡ!» አለ «ቶሎ! ሊደርቅ ነው፣ ሊነጋ!»

እህቱን አዝዬ ሮጥን። መጋረጃ ተሳበ።
ሂላ እግሯን ሳትታጠብ ተኛች።

ጠዋት፣ ጠዋት ካልነው፣
በረቱን ላይ ወጣሁ።
ከእርጉዟ ላም ጎን አንዲት ጥጃ ቆማለች፣
ከጥፍሬ የማትበልጥ፣ በሦስት እግር።
ቬሊን ጠየቅሁት፤ «እኔ አይደለሁም» አለ።
ሄልቪ ደረጃዋ ላይ ሆና
ውኃ ብቻ የነካቸውን ብሩሾች
ታጥባለች፣ ቀና ሳትል።