አራት ትርፍ

ጃንዋሪ አንድ፣ ቂርያት ጋት፣ ዝናብ እያካፋ፣
ፖስታ መጣ፣ ግማሽ አድራሻው በውሃ የጠፋ፦
«እንኳን ለሰባኛ ዓመትዎ አደረሰዎ።»
አባ ጓንጉል «እስቲ ድገመው» አሉኝ።
ደገምኩት።
ሳይስቁ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

በእኛ ደረጃ ጃንዋሪ አንድ የሁሉም ልደት ነው፤
ቢተው፣ ትርንጎ፣ ዓይነ ስውሩ መልኬ፣
በአንድ ሌሊት በአንድ ጸሐፊ ብዕር ተወለዱ።
ወሩን ላላወቀ ይኸው ወር ተሰጠው፣
ዓመቱን ላላወቀ፣ እንደ በቅሎ ጥርሱን አይተው ገመቱለት።

ሐሙስ መዝገብ ቤት ወሰድኳቸው።
(ቤርሳቤህ ሂሳብ እማራለሁ፤ ለጎረቤት ግን አፍ ነኝ።)
ኦርና የምትባል፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች፣
«ታዲያ ስንት ነው ዕድሜው?» አለች።

አባ ጓንጉል ጣት ማጠፍ ጀመሩ፦
«ዐሥራ አራት፣ ካባቴ ቤት፣ ወናፍ ስነፋ።
ዐሥር፣ በራሴ እሳት፣ ማረሻ ስቀጠቅጥ።
ሰባት፣ በማኅበር፣ መዶሻው የኔ ክምችቱ የነሱ።
ሁለት፣ ጎንደር ወኅኒ፣ መንገድ ላይ ተይዤ።
አንድ፣ ሱዳን...»
እዚህ ላይ ጣታቸው ሳይታጠፍ ቆየ።
«ሱዳን። ልጄ እዚያ ቀረች።
አምስት፣ መቀበያው ሰፈር፣ ከሕፃን ጋር ፊደል ስቆጥር።
ሠላሳ አምስት እዚሁ፤ ክር ፋብሪካ፣
ከዚያ ጥበቃ፣ ከዚያ አግዳሚ ወንበር።»

ደመርኩ። ሰባ አራት።
«መዝገቡ ሰባ ይላል» አለች፣ «አራቱን ከየት አመጣው?»
ቃል በቃል ተረጎምኩ።
«ከየት እንዳመጣሁ ነገርኳት» አሉ አባ ጓንጉል፣
«እሷ የትኛውን እንደምትጥል ትንገረኝ።»

ያኔ ነው እጄ የቀዘቀዘው።
አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ሰባት፣
ዐሥር፣ ዐሥራ አራት፣ ሠላሳ አምስት፤
ባለፈው ሳምንት ደብተሬ ላይ በቀይ አስምሬባቸዋለሁ፣
ሰባን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት፣ ከራሱ በቀር፣ እነዚሁ ናቸው።

ዐሥራ ሁለትን ውሰድ፦
አካፋዮቹ ሲደመሩ ዐሥራ ስድስት፣ አራት ይተርፋል፤
አራት ግን ራሱ መሃላቸው ተቀምጧል፣
«ውጣ» ስትለው ይወጣል፣ ሂሳቡ ይዘጋል።
የሰባም ትርፍ አራት ነው፣
ግን አራት የሚባል ከቤቱ የለም።
አንድና ሁለት ቢተባበሩ ሦስት፤
አምስት ቢወጣ አንድ ይዞ ይሄዳል።
ማንንም ብታስወጣ ወይ ይጎድላል ወይ ይበዛል።
ከሰባ በታች እንዲህ ያለ ቁጥር አልተገኘም፣ አይገኝምም።
የሂሳብ ሰዎች ስም አወጡለት፦ እንግዳ።
በእኛ አፍ ቃሉ ሁለት በር አለው፣
ያልተለመደውም፣ ከሩቅ መጥቶ ደጅ የቆመውም
በዚያው ይገባሉ።

ለኦርና በዕብራይስጥ አስረዳኋት፤ አንዱ በር ብቻ ተከፈተ።
ቢሆንም እርሳስ አነሳች፣
ሰረዘች፣ ላጲስ አሸች፣ እንደገና ሰረዘች።
«አንዱ ዓመትስ?» አለች ቀስ ብላ፣ «ሱዳኑ?»
አልተረጎምኩም።
እሳቸው ግን ሰምተዋል፤
አርባ ዓመት የኖሩበት አገር ቋንቋ ነው።
«ሰባ ሦስት ይሆናል፣ የኔ ልጅ። ያም አይበቃሽም።»

መዝገቡ ሰባ እንዳለ ቀረ።

አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን በእጅጌያቸው ጠረጉና
«ከሰባ ቀጥሎ ያለው እንግዳ ስንት ነው?»
«ስምንት መቶ ሠላሳ ስድስት።»
«ዋ! በመሃል አንድ እንኳ ጎረቤት የለውም?»
«የለውም።»
ዝም አሉ፣ እስከ ገበያው አደባባይ።
ከዚያ ደወሉን ተጭነው፣ ዱላቸውን ፈልገው፣
«ይደርሳል» አሉ፣
«መንገድ ላይ ነው።»