ጀርባውን ገልብጪ

ከሙትራህ ወደብ ጀርባ፣ ከጨርቅ ተራው ማዶ፣
የሐጂ ጃዋድ ሱቅ አለ፣ የባሕር ጨው ለምዶ፤
የሟች ቤት ዕቃ ሁሉ፣ የጀልባ ፋኖስ፣ ናስ፣
እኔ ጋ ነው የሚመጣ፣ በሎሚ ሊታበስ።
አራት ዓመት ሞላኝ እዚያ ስወለውል፣
ሽታው አይለቀኝም፣ የቆዳዬ እስኪመስል።

ሐሙስ ማታ አንድ ሳጥን፣ ከሱር ከተማ፣
የጀልባ አለቃ ውርስ፣ ወራሽ የተስማማ፣
ሳይከፈት ተሽጦ መጣ በጨለማ።
ኮምፓስ፣ የዕንቁ ሚዛን፣ ሁለት ጠገራ ብር
(የአያቶቼ ገንዘብ እዚህም ይመነዘር
እንደነበር ያወቅሁት እዚያው ሱቅ ነበር)፣
ከሁሉም ሥር ደግሞ፣ በሸራ ጨርቅ ታስሮ፣
የፖሊስ ባጅ ወጣ፣ እንደ ከሰል ጠቁሮ።

«ፊት ይዋሻል፣ ስንዱ፤ ጀርባውን ገልብጪ፣
አጉሊውን መነጽር ከመሳቢያው አምጪ።»
ያውቃል፣ የትናንት ናስ ኮምጣጤ ውስጥ አድሮ
ሽማግሌ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ዕድሜ ተበድሮ።

ገለበጥሁት። ሁለት ቀለበት፣ በእጅ የተበየዱ፤
በሽቦ ተተክቷል የወለቀው አንዱ።
መርፌ ቁልፍ የለውም። የፋብሪካ ስም የለም።
«በማሽን የተመታ ነው፤ በአሸዋ ቅርጽ አልፈሰሰም።
ኤደን ነው? እንግሊዝ? ታዲያ ዘውዱ የታል?
ሕንድ ነው? ይህን ዓይነት ቁጥር ማን አገር ይጽፋል?»
ማናማ ላለ ወዳጁ ፎቶውን ላከ፤
ያም «የአርመን ነው» አለ። ጃዋድ ጢሙን አከከ።

«ሁለት መቶ አሥራ ስምንት» አልሁት በቀስታ፣
«የእኛ አገር ቁጥር ነው።» ቀና አለ ባንድ አፍታ፣
አራት ዓመት እንዳላየኝ፣ እንደ አዲስ ሰላምታ።
«ዕድሜውስ?» ብሎ ወንበር ሳበ።
ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቆሜ በምወለውልበት፣
ተቀመጥሁበት።

አንበሳው መስቀሉን ይዞ፣ እግሩን አንሥቶ ቆሟል፤
ጎፈሩ ደኅና ነው፣ ግንባሩ ግን ተፍቋል።
አልተጋጨም፣ አልዛገም፣ አልበላውም ባሕር፤
በጥፍሬ ስከተለው ይቆጠራል መስመር።
ሞረድ ነው። የሰው እጅ በችኮላ የሳበው፣
ባንድ ወገን የዘውዱን ጫፍ እንደ ጥርስ የተወው።

«ሁለት ዕድሜ አለው» አልሁት፣ «አንዱ የተሠራበት፣
ንጉሥ በነበረ ጊዜ፣ ዘውድ በሚደፋበት፤
ሌላው የተፋቀበት፣ ንጉሡ በወረዱ ማግሥት፣
አዲስ ባጅ እስኪታደል በአሮጌው ሊሠሩበት።»

(እኔም ሁለት ነው ዕድሜዬ። ደላላው ሲጽፈኝ
ፓስፖርቴ ላይ ስድስት ዓመት ሳልኖረው ሰጠኝ።
ይህን ግን ለሐጂ አልነገርሁም።)

ሁለት መቶ አሥራ ስምንት፣ የት ነበር ዘብህ?
ምጽዋ ነው? አሰብ ነው? ማን ነበር ስምህ?
ፋኖስ ዝቅ አድርገህ፣ በር ቀርቅረህ ማታ፣
ሞረድ ከየት አገኘህ? የመካኒክ ውለታ?
ፈርተህ ነው የፋቅኸው? ወይስ ደስ ብሎህ?
ወይስ ትእዛዝ ብቻ ነው፣ «እሺ ጌታዬ» ብለህ?
ጠረጴዛው ላይ የቀረ ያ የዘውድ ብናኝ፣
እፍ አልኸው? ጠረግኸው? እስቲ ንገረኝ።
ባጁንስ ለጀልባ ዋጋ ሰጠኸው ስትሻገር፣
ወይስ ካንተ አውልቀው ሸጡት?
ናሱ ይህን አይናገር።

ቅዳሜ የማናማው ሰው ሻንጣ ይዞ ደረሰ፣
አጉሊውን አስጠግቶ አንበሳውን ዳሰሰ፣
«ግንባሩ ተጎድቷል» ብሎ ዐሥር ሪያል ቀነሰ።
ሐጂ ወደ እኔ ዞረ፤ ሊል የፈለገው ጠፋው።
እኔም ሎሚ ቆረጥሁ። የፋኖስ ነበር ተራው።