ሐሙስ አይደለም

ሳምንት ሙሉ ደገምሁት፣
መታጠቢያ ቤት ዘግቼ ለመስታወት ነገርሁት፦
«ሻሎም፣ ትርንጎ እባላለሁ፤ ይኼን ቤት የገዛሁት
እኔ ነኝ። ኪራዩ ያው ነው፤ ውሉም እንደነበረ።»
ስጨርስ አንገቴ አቀረቀረ፣
የገዛሁት ሳይሆን የሰረቅሁት ይመስል ነበረ።

በየትኛው ስሜስ ልግባ? ወረቀቱ ላይ ያለችው ሩት ናት፤
ከአውሮፕላን ስወርድ አንዲት ጸሐፊ በችኮላ የሰጠቻት።
ትርንጎን ግን እናቴ ነች ያወጣቻት፣
ማኅተም የላት፣ ፊርማ የላት።

አባቴ ወገራ ላይ የሰው መሬት ያርስ ነበረ፣
በመከር ሲሶውን ለጌታው እየሰፈረ።
ጌታው ሲመጣ «እገሌ ነኝ» አይልም፣
በቅሎው ታስተዋውቀዋለች፤ እሱ ከኮርቻው አይወርድም፤
ክምሩን በአለንጋው ይቆጥራል፣ አባቴን ግን አይቆጥርም።
የማውቀው ባለርስት እሱ ነው፣ ሌላ አላየሁም፤
እሱን መሆን አልፈልግም፣ ሌላውን ደግሞ አልተማርሁም።

ቅርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ አሳንሰር የለው፣ ሕንፃው ተራ፣
አሥራ አራት ዓመት ወልውዬዋለሁ ከምድር ቤቱ እስከ ጣራ።
አርባ ስምንት እርከን ነው፤ አሥራ ዘጠነኛው ጫፉ የተሸረፈ፣
ጨርቄን ስንት ጊዜ የጠለፈ።
ዛሬ ባልዲ የለም፤ እጄን የት ላድርገው? ጠፋኝ፤
ግድግዳ ይዤ ወጣሁ፣ የገዛ ክሎሪኔ ሽታ ከኋላ ገፋኝ።

ደወሉን ተጫንሁ። ቆየ። ሰንሰለቱ ተንቀጫቀጨ።
ጺያላ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ በስንጥቁ አየችኝ።
«ደረጃው ሐሙስ ነው» አለች፤ «ዛሬ ሰኞ መሰለኝ።»
«አዎ፣ ሰኞ ነው» አልኋት። ሌላ ቃል አልመጣልኝ።
ተዘጋ።

ወርጄ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ተቀመጥሁ።
ስጠርገው እንጂ አንድም ቀን አርፌበት አላውቅም ነበር።
ቃሉስ አንድ አይደል እንዴ? በዕብራይስጥ «ባዓላት ባይት»፣
በእኛም አፍ «ባለቤት»፤ ሁለት አፍ ያለው አንድ ቤት።
ሁለቱም ጉሮሮዬ ደርሰው በር አጡ ለመውጣት።

ቀና ስል ግድግዳው ላይ ያን ቡናማ መስመር አየሁት፣
ከእነ ጺያላ ማጀት የሚወርድ፣ ስድስት ዓመት የፈገፈግሁት።
ተነሣሁ። ደወሉን ደገምሁት።

«ከዕቃ ማጠቢያችሁ ሥር ቧንቧው ያንጠባጥባል»፣
አልኋት፤ «ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግድግዳው ያለቅሳል፤
እኔ ነኝ ስጠርግለት የኖርሁ። ከእንግዲህ ግን አልጠርግም፣
አስጠግነዋለሁ። ቤቱ የኔ ነው።» ድምፄን አላነሣሁም፤
ካጠናሁት ሁሉ አንዲት ቃል አልተናገርሁም።

ሰንሰለቱ ወረደ። ከውስጥ ባሏ ሳለ፣
«ማነው?» አለ።
አፏን ከፈተች፤ መልሷ አየር ላይ ተንጠለጠለ።
ወደ እኔ ዞረች። «ስምሽ ማነው?»
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀችኝን ነው።
እኔስ ብሆን? የእሷን ስም ያወቅሁት አቧራ ስጠርግ ነው፣
ከፖስታ ሳጥኗ ላይ።

«ትርንጎ።» «ቲ… ሪን…» «ኤትሮግ ማለት ነው።»
«ኤትሮግ!» ብላ ሳቀች። አንድ ጥርሷ ወርቅ ነው፤
ይኼን ሁሉ ዘመን አላየሁትም።

ቤቱ የኔ ነው ማለቴ… አብዛኛው የባንኩ ነው፤
ሠላሳ ዓመት ይሰፈርለታል፤ የእሱም በቅሎ ወረቀት ነው፣
ከኮርቻው አይወርድም።
ስለዚህ ሐሙስ እመጣለሁ፣ ባልዲ ይዤ፣ ልወለውል ደረጃ፤
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ምን እንደምባል እንጃ።